የምናነበውን መጽሐፍ እንዴት እንምረጥ?

ከሀቢቾ ተነሥቶ በሬ ሊገዛ ሆሳዕና ገበያ የሄደ ገበሬ መጀመሪያ ያየውን በሬ ይዞ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ሻኛውን ይዳብሳል። ትከሻው ቀንበር የለመደ መሆኑን፣ እግሩም አለማነከሱን ያረጋግጣል። «ከየት መጣ? ማን ነበር የሚያርስበት? ለምን ይሸጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ ምንም ያህል ቢያሞግሰው ዝም ብሎ አያምነውም። በሬ ማለት የዓመት ጉርስ ነዋ!

ይኸው ገበሬ መጽሐፍ ሲገዛስ? ሽፋኑ ያማረውን፣ ዋጋው የቀለለውን ወይም ሻጩ «ይኼ ይሻልሃል» ያለውን ይዞ ይመለሳል። የመጽሐፍን ጥርስ የሚገልጥ ሰው ጥቂት ነው። እኛም እንዲሁ ነበርን። በዚህ ትምህርት ውስጥ ባለመምረጣችን ምን እንደ ደረሰብን፣ ከዚያም ወዲህ ምን እንደ ተማርን እንነግራችኋለን።

ፊደል ከቆጠርን በኋላ

ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። የሀድያና የከምባታ ቋንቋዎችም ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። በዚያን ጊዜ መማሪያዎቹ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1972 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራዋ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች።

ዛሬ ደግሞ የሀድያ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር አባት በግዕዝ ፊደል አማርኛ ያነባል፤ ልጅ በላቲን ፊደል ሀድይሳ ታነባለች። ይህ ችግር መስሎ ይታያል እንጂ ሀብት ነው። አንዱ ለሌላው ቢያነብ ለአንድ ቤት ሁለት በር ተከፈተለት ማለት ነው።

ነገር ግን ከዘመቻው የቀረ አንድ መራራ ትምህርትም አለ። ፊደል ለይተው ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት ቆይተው መልሰው ረሱ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። አንዳንዱ በእጁ የሚነበብ ነገር አልነበረውም። ሌላው ያገኘው ጽሑፍ ከኑሮው ጋር የማይገናኝ ሆነበት። ማረሻ ካልታረሰበት ይዝጋል። ንባብም ካልተነበበበት ይዝጋል።

እንግዲህ ማንበብ ከቻልን ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ችሎታ ነው፤ እርሱም መምረጥ ነው። ልብ ወለድ ታሪክ ማንበብ ደስ ያሰኛል፣ ሰውንም ያስተምራል። በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ግን እውነተኛ ነገር እናስተምራለን ስለሚሉ መጻሕፍት ነው። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ንግድና ስለ ሌላው ዓለም የሚጽፉትን ማለታችን ነው። እነዚህን መጻሕፍት አምነን እጃችንን እናነሣባቸዋለን፤ ዘር እንዘራባቸዋለን፤ ልጅ እናሳድግባቸዋለን። ስለዚህ ስሕተታቸው ወረቀት ላይ አይቀርም። ወደ ማሳችንና ወደ ቤታችን ይገባል።

ዓመት የሌለው መጽሐፍ

እኛ ማታ ማታ ተሰብስበን የምናነብ ጎረቤታሞች ነን። ከመካከላችን አንዲት እናት ከመንገድ ዳር አንድ የጤና መጽሐፍ ገዛች። ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ሥዕሉም ያማረ ነበር። «ቤት ውስጥ ሐኪም ገባ» ብላ ደስ አላት። እኛም ደስ አለን። እየተቀባበልን አነበብነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ትንሹ ልጇን ተቅማጥ ያዘው። እናት መጽሐፉን ገለጠች። መጽሐፉ፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሆዱ እስኪደርቅ ድረስ ውሃም ወተትም እንዳይሰጠው ይላል። እርሷም እንዳነበበችው አደረገች። ልጁ ውሃ እያለ አለቀሰ፤ እርሷም እያለቀሰች ከለከለችው። በማግሥቱ ልጁ ማልቀሱን ተወ። ዓይኑ ጎደጎደ። ከንፈሩ ደረቀ። ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አልመለስ አለ።

ጎረቤት ሮጦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠራ። እርሷም ልጁን እንዳየች ኦአርኤስ የሚባለውን ሕይወት አድን ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጣ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ጀመረች። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ልጁ ዳነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ጥጃ ይጠብቃል።

ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ እናት መጽሐፉን አምጥታ አሳየቻት።

«እኅቴ፣ እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። ተጽፏል እኮ!»

የጤና ሠራተኛዋ መጽሐፉን አገላብጣ አየች። «ማን ጻፈው?» አለች።

ዝም አልን።

«መቼ ታተመ?»

አሁንም ዝም አልን። ስንፈልግ የጸሐፊው ስም የለም። የታተመበት ዓመት የለም። ያሳተመውም አይታወቅም።

«ታዲያ በሬ ቢሆን ኖሮ ትገዙት ነበር?» አለችን። ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሯችን ውስጥ አለች።

በነገራችን ላይ፣ የዚያ መጽሐፍ ስሕተት ከየት እንደ መጣ ኋላ ተረዳን። ተቅማጥ የያዘውን ሰው ውሃ መከልከል በብዙ አገር የነበረ የጥንት ልማድ ነው። ስኳርና ጨው በልክ የገባበት ውሃ የብዙ ሰው ሕይወት እንደሚያድን በሰፊው የታየው በ1963 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሕንድ አገር በኮሌራ ያልቁ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ሲያልቅባቸው ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሕንዳዊ ሐኪም ይህንኑ ውሃ በአፍ እያስጠጡ ብዙዎችን አተረፉ። ከዚያ በፊት የተጻፈ የጤና መጽሐፍ ይህን ነገር ባያውቅ አይፈረድበትም። ዓመቱን ሳናይ ያመንነው እኛ ግን ይፈረድብናል።

ለማንኛውም ይህን ያዙ። ጤና ኬላ እስክንደርስ ድረስ ኦአርኤስ በቤት ከሌለ፣ አንድ ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ነው። ጨው ከዚህ አይብዛ። የሚጠባ ልጅም ጡት አይከልከል።

አምስቱ ምርመራዎች

ከዚያን ቀን ወዲህ መጽሐፍ ስናገኝ አምስት ነገሮችን እንመረምራለን።

1ኛ፦ ዓመቱን እንይ።

የበሬ ዕድሜ በጥርሱ ይታወቃል። የመጽሐፍ ዕድሜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሽፋኑ ቀጥሎ ባሉት ገጾች ላይ ተጽፎ ይገኛል። የውጭ አገር መጽሐፍ ከሆነ ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ካለበት በአውሮፓ አቆጣጠር ነውና 7 ወይም 8 ዓመት ቀንሱለት።

አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። የታሪክ መጽሐፍ ሲያረጅ ዋጋው የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ስለ ጤና፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሕግና ስለ አስተዳደር የሚጽፈው ግን ቶሎ ያረጃል። የሚከተሉትን ምሳሌዎች ተመልከቱ።

አንድ አሮጌ መጽሐፍ ፈንጣጣ በአገራችን ሰው ይፈጃል ይል ይሆናል። በተጻፈበት ጊዜ እውነቱን ነበር። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አስታወቀ።

ሌላው አሮጌ የእርሻ መጽሐፍ ዲዲቲን በሰብል ላይ ርጩ ይል ይሆናል። የዓለም መንግሥታት ግን በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ በተፈራረሙት ስምምነት ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል ተስማምተዋል። ከትንኝ ለመከላከል ብቻ፣ በጥንቃቄ እንዲሠራበት ተፈቀደ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት እንደምትችል ይናገር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። አሮጌውን መጽሐፍ ይዞ «ሕጉ ይፈቅድልኛል» የሚል አባት ልጁንም ይጎዳል፣ ራሱም ይጠየቃል።

የራሳችንን አገር እንኳ እንይ። በደርግ ዘመን የታተመ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሆሳዕናን በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በከምባታና ሀድያ አውራጃ ውስጥ ያስቀምጣታል። ኋላ የታተመው በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሀድያና ከምባታ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። ሆሳዕና ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሦስቱም መጻሕፍት በየዘመናቸው ልክ ናቸው። ዓመቱን ያላየ አንባቢ ግን ይደናገራል።

2ኛ፦ ጸሐፊውን እንይ።

ስሙ ማን ነው? ሥራው ምንድን ነው? ስለ ከብት በሽታ የጻፈው የከብት ሐኪም ነው ወይስ መድኃኒት ሻጭ? ስሙን የደበቀ ጸሐፊ ሲሳሳት የሚጠይቀው የለም። ደግሞም ጸሐፊው አንድ ነገር ሊሸጥልን ፈልጎ እንደ ሆነ እናስተውል። በሬውን የሚያሞግሰው ባለቤቱ ነው።

3ኛ፦ ለየትኛው አገር እንደ ተጻፈ እንይ።

ለቆላ የተጻፈ የእርሻ ምክር ለደጋ አይሆንም። በመስኖ ለሚያርስ የተጻፈው ዝናብ ለሚጠብቅ አይበጅም። ጸሐፊው አዋቂ ሊሆን ይችላል፤ የእኛን መሬት ግን ላያውቅ ይችላል።

4ኛ፦ ማውጫውን እናንብብ።

ማውጫ ማለት በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ርእሶች ከነገጻቸው የተዘረዘሩበት ቦታ ነው። በመጀመሪያ ወይም በመጨረሻ ይገኛል። ሽፋኑ የሻጭ አፍ ነው፤ ማውጫው ግን ጎተራው ነው። ጎተራው ውስጥ ያለውን ሳያይ እህል የሚገዛ የለም። የምንፈልገው ርእስ በማውጫው ውስጥ ከሌለ መጽሐፉን በክብር መልሰን እናስቀምጥ።

5ኛ፦ አንድ ገጽ አንብበን እንሞክር።

ከመካከሉ አንድ ገጽ ገልጠን ቀስ ብለን እናንብብ። በየመስመሩ የማይገባ ቃል የሚያቆመን ከሆነ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዶናል ማለት ነው። ይህ ውርደት አይደለም። ወይፈን መጀመሪያ ቀን ሙሉ ማሳ አያርስም። ስሙን ጽፈን እንያዝና ከዓመት በኋላ እንመለስበት። በሌላ በኩል ደግሞ የምናውቀውን ብቻ የሚደግም መጽሐፍ ከሆነ ገንዘባችንን እናድን።

አንድ ለእጅ፣ አንድ ለቤት፣ አንድ ለልብ

ጥሩ መጽሐፍ መለየት አንድ ነገር ነው። ከየዓይነቱ ማንበብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

የእኛን ጓሮ ተመልከቱ። ከቤቱ አጠገብ እንሰት አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ጎመንና ድንች አለ። ራቅ ብሎ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። ለምን? ዋግ ስንዴውን ቢመታው እንሰቱ ቤቱን ያቆማል። አንድ ዓይነት ብቻ የተከለ ሰው በአንድ በሽታ ይራባል። ንባብም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ መጻሕፍትን በሦስት ከፍለን እየተካን እናነባለን። አንድ ለእጅ፣ አንድ ለቤት፣ አንድ ለልብ።

ለእጅ ማለት ለሥራችን የሚጠቅም ነው። ስለ እርሻ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ንብ፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ የሚናገር መጽሐፍ ነው።

ለምሳሌ እንሰትን የሚያጠወልገውን በሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ የመካከሉ ቅጠል ይጠወልጋል። ከዚያ ተክሉ በሙሉ ይወድቃል። አባቶቻችን የሰው ዓይን ነው ወይም የአየር ነገር ነው ይሉ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከአንድ የውጭ አገር ባልደረባቸው ጋር ሆነው በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ መሆኑን ጽፈው አስታወቁ። ባክቴሪያው የታመመውን በቆረጥንበት ቢላዋ ወደ ጤነኛው ይሻገራል። ለካ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የምንወስደው እኛው ነበርን! እስከ ዛሬ ድረስ የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። የሚሻለው የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት አጋግሎ ማጽዳት፣ ችግኝም ከጤነኛ ቦታ ብቻ መውሰድ ነው።

አሁን ደግሞ ከየዓይነቱ ማንበብ ለምን እንደሚጠቅም እዩ። ይህ በሽታ በ2001 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ውስጥ ታየ። ሙዝና እንሰት ዘመዳሞች ናቸው። በኡጋንዳ ስለ ሙዝ የተጻፈ መጽሐፍ ቢገኝ አንዳንዱ ሰው «እኔ ሙዝ የለኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ይተወዋል። አስተዋይ አንባቢ ግን ይገልጠዋል። የመሣሪያ ንጽሕና የሚለው ምክር ለእኛም ይሆናል። የሙዙን የወንዴ አበባ በእንጨት መንጠቆ ቀንጥሱት የሚለው ግን በአብዛኛው ለእኛ አይሆንም። በሙዝ ላይ ነፍሳት በአበባው በኩል በሽታውን ያመላልሳሉ። እንሰት ግን ብዙውን ጊዜ ሳያብብ ስለሚፋቅ ዋናው መንገድ ቢላዋው ነው። እንዲህ እያመዛዘነ የሚያነብ ሰው ከሩቅ አገር መጽሐፍ ለጓሮው ይለቅማል።

ለቤት ማለት ለቤተሰባችን ደኅንነት የሚጠቅም ነው። ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ፣ ስለ መሬት ይዞታ የሚናገር መጽሐፍ ነው። በዚህ ክፍል ከሁሉ በላይ ዓመቱን እንይ። ለምሳሌ የገጠር መሬት አስተዳደርን የሚመለከት የፌዴራል አዋጅ በ1997 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ አዋጅ ተተካ። ከጎረቤቱ ጋር የድንበር ክርክር ያለበት ሰው አሮጌውን አንብቦ ቢከራከር ምን ይጠቅመዋል? ሕግን የሚያስረዳ መጽሐፍ ካነበብን በኋላም አዋቂ እንጠይቅ እንጂ ዘለን ፍርድ ቤት አንግባ።

ለልብ ማለት ነገ ጠዋት በማሳችን ላይ የማይታይ፣ ነገር ግን ሰው የሚያደርገን ነው። ታሪክ፣ የታላላቅ ሰዎች ሕይወት፣ የሩቅ አገር ኑሮ ነው። አንዳንድ ሰው «ይህ ለገበሬ ምን ይሠራል?» ይላል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ገበሬ ሆዱ ብቻ ነው ያለው እንዴ?

የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» እንውሰድ። የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ጸሐፊው ከሞቱ በኋላ። አንድ ሕዝብ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ከሆነ ለምን እንደሚደኸይ ያስረዳል። ቋንቋው ይከብዳል። ነገር ግን ስንዴ ሸጦ ብስኩት የሚገዛ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል።

ሌላው ጃፓን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚባል መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን ጻፉ። ሁለቱም ስለ አንድ አገር ይናገራሉ። የመጀመሪያው የተጓዥ ዓይን ነው። ሁለተኛው፣ እነርሱ እንዴት ከዚህ ደረሱ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሐሳብ ነው። ሁለቱን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ከሁለት በኩል ማየት ይማራል።

የራሳችንን ታሪክ ከሁለት በኩል እንይ

ይህ ከሁለት በኩል ማየት በታሪክ ላይ እጅግ ያስፈልጋል። ስለ ሀድያ የድሮ ታሪክ ብዙው የተጻፈው በነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ ነው። በዚያ ውስጥ ሀድያ በአብዛኛው የሚታየው ሲገብር ወይም ሲያምፅ ነው። ጸሐፊዎቹ የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩና ከቆሙበት ያዩትን ጻፉ። በሌላ በኩል ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የተባሉ ጀርመናዊ ምሁር ወደዚህ አገር መጥተው ከሽማግሌዎች አፍ የሰሙትን ከጽሑፍ ጋር እያመሳከሩ የሀድያን ታሪክ ጻፉ። መጽሐፉ መጀመሪያ በጀርመንኛ በ1980 እ.ኤ.አ. ታተመ። በእንግሊዝኛ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

አስቡት እንግዲህ። የእኛው ሽማግሌዎች የተናገሩት በጀርመንኛ ተጽፎ፣ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። የአያቶቻችንን ነገር ከእኛ በፊት ሌሎች አነበቡት። ስለዚህ እንግሊዝኛ የተማሩ ልጆቻችን እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሲያገኙ ተርጉመው እንዲያነቡልን መጠየቅ መብታችን ነው። እኛም ሽማግሌ ሳይሞት የሚያውቀውን ብንጽፍ መልካም ነው።

ንግሥት እሌኒንም እናስታውስ። እሌኒ የሀድያ ገዥ ልጅ ነበረች። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ሆና ቤተ መንግሥት ገባች። አፄ ልብነ ድንግል ልጅ ሆነው በነገሡ ጊዜ አገር በማስተዳደር ትልቅ ሥልጣን ነበራት። በ1502 ዓ.ም. ገደማ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከች እርሷ ናት። በግዕዝ ሁለት መጻሕፍት እንደ ደረሰችም ይነገርላታል። ከሀድያ የወጣች ሴት ከ500 ዓመት በፊት ከመጽሐፍ ጋር ስሟ ተነሥቷል። ታዲያ ዛሬ በሀቢቾ አንዲት እናት መጽሐፍ ብትይዝ ማን «ከየት አመጣሽው?» ይላታል?

መጽሐፍ እንዴት እናግኝ?

አዲስ መጽሐፍ መኖሩን ማወቅ ራሱ ሥራ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር አዘጋጅተው አሳትመው ነበር። ምን እንዳለ ያላወቀ ሰው መምረጥ እንደማይችል ስለ ተረዱ ይሆናል። እኛም ትንሽ ዝርዝር ያስፈልገናል።

አንደኛ፣ በቅርብ ያለውን እንጠይቅ። በትምህርት ቤት፣ በጤና ኬላና በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ለሕዝብ የሚሆን ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ከሆነ «ክፈቱልን» እንበል። አይጥ ከሚበላው ሰው ቢያነበው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የመጽሐፍ ዕቁብ እንጣል። መጽሐፍ ለአንድ ሰው ውድ ነው፤ ለ10 ሰው ግን ቀላል ነው። በየወሩ ጥቂት ብር አዋጥተን አንድ መጽሐፍ እንገዛለን። ምን ዓይነት እንደሚገዛ አስቀድመን እንስማማለን። አንዱን ወር ለእጅ፣ ቀጥሎ ለቤት፣ ከዚያ ለልብ። ገዢው ወደ ሆሳዕና ሲሄድ አምስቱን ምርመራዎች በወረቀት ጽፎ ይይዛል። እያንዳንዱ አንባቢ ተራው ሲደርስ ያነብባል፤ በስብሰባም ያነበበውን ይናገራል። ያላነበበ አይቀጣም። ነገር ግን የሚያወራው ስለሌለው ራሱ ያፍራል።

ሦስተኛ፣ አንድ ደብተር እንያዝ። የመጽሐፉን ስም፣ ጸሐፊውን፣ ዓመቱን፣ የተማርነውን፣ ሞክረን ያየነውንና ያልተስማማንበትን እንጻፍ። በቅድሚያ ለመሞከርም ሙሉውን ማሳ አንስጥ። አንድ መደብ ይበቃል። መጽሐፉ እውነት ከተናገረ መደቡ ይመሰክርለታል።

ያቺ እናት ዛሬ የመጽሐፍ ዕቁባችን ገዢ ናት። ልጁ እየዳነ ሳለ «ከእንግዲህ መጽሐፍ አልነካም» ብላ ምላ ነበር። ኋላ ግን «በሬ ወጋኝ ብዬ እርሻ ልተው?» አለችና ተመለሰች። አሁን ማንኛውም መጽሐፍ እጇ ሲገባ መጀመሪያ ሽፋኑን አታይም። ገልጣ ዓመቱን ትፈልጋለች። የልጇን ሕይወት ልታጣ ስለነበረችበት ከሁላችን ይልቅ ጥርስ ማየት ታውቃለች።

የቃላት ፍቺ

ማውጫ፦ የመጽሐፍ ርእሶች ከነገጻቸው የተዘረዘሩበት ገጽ።
አሳታሚ፦ መጽሐፉ እንዲታተም ያደረገ ሰው ወይም ድርጅት።
ልብ ወለድ፦ ጸሐፊው ከአሳቡ አፍልቆ የጻፈው ታሪክ።
ባክቴሪያ፦ በዓይን የማይታይ፣ አንዳንዱ በሽታ የሚያመጣ ደቂቅ ሕይወት ያለው ነገር።
ዜና መዋዕል፦ በነገሥታት ዘመን የተሠራው ሥራ የተጻፈበት መጽሐፍ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ያለውን አንድ መጽሐፍ አምጡ። ዓመቱን፣ ጸሐፊውንና ማውጫውን ፈልጋችሁ አሳዩ።
2. እናቲቱ መጽሐፉን ከማመኗ በፊት ምን ማየት ነበረባት?
3. ከየትኛው ዓይነት መጽሐፍ ላይ ዓመቱን ማየት ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል? ለምን?
4. ስለ ኡጋንዳ ሙዝ ከተጻፈው ውስጥ ለእንሰት የሚሆነው የትኛው ነው? የማይሆነውስ?
5. በቀበሌያችሁ የመጽሐፍ ዕቁብ ብትጥሉ የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ምን ቢሆን ይሻላል? ምክንያታችሁን በደብተራችሁ በሦስት መስመር ጻፉ።